ከበሮ ይዞ ስታዲየም መግባት፦ ሀዋሳ ላይ ጭፈራን የሚያበላሹ ስህተቶች

ስታዲየሙ ሞልቶ፣ ሰዉ ሁሉ እየጮኸ፣ ሜዳ ውስጥ ግን ምንም የማይሰማበት ቀን አለ። ድምፁ ተበታትኗል ማለት ነው። አንድ ላይ የሚጨፍሩ ሁለት መቶ ደጋፊዎች በየፊናቸው ከሚጮኹ ብዙዎች ይልቅ ተጫዋቹ ጆሮ ይደርሳሉ። የሀዋሳ ከተማም ሆናችሁ የሲዳማ ቡና ደጋፊ፣ ከታች ያሉት ስህተቶች በየጨዋታው የሚደጋገሙ ናቸው።

ከበሮ በሁለት ጥግ መምታት

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የሜዳው ርዝመት 105 ሜትር ቢሆን፣ ከአንዱ ጎል ጀርባ የተመታ ከበሮ ወዲያኛው ጎል ጀርባ ለመድረስ የሰከንድ ሲሶ ያህል ይፈጅበታል። በደቂቃ 120 ጊዜ በሚመታ ጭፈራ ደግሞ ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ያለው ግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ወዲያ ማዶ ያለው መቺ በጆሮው የሰማውን ተከትሎ ሲመታ ምቱ ወዲህ የሚመለሰው ከ0.6 ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነው። ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ጭፈራው ይጎተታል፣ ጭብጨባው ይሰነጠቃል፣ ሰዉም ግራ ተጋብቶ ዝም ይላል።

መሪ ከበሮ አንድ ብቻ ይሁን፤ ቦታውም የደጋፊው መሃል ነው። ሌሎቹ ከበሮዎች ከእሱ ከ10 እስከ 15 ሜትር ባለው ውስጥ ይሰብሰቡ። ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ የአስጨፋሪውን እጅ ይከተል። ለዚህም አስጨፋሪው ከፍ ያለ ነገር ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ፣ ከራሱ በላይ ማጨብጨብ አለበት። ጀርባውን ለሜዳው ስለሰጠ ጨዋታውን አያይም፤ ስለዚህ አጠገቡ ሆኖ «ማዕዘን ነው»፣ «ተጎድቷል» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ሰው ከሌለ ጉዳት ላይ የወደቀ ተጫዋች እያለ ጭፈራው ይደምቃል፤ የሚያሳፍር ነገር ነው።

የቆዳ ከበሮ እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ ድምፁም ይሞታል። ከጨዋታው በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ አቆዩት። እሳት አጠገብ ግን አታድርጉት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። ለዝናቡ ላስቲክ ያዙ። የዱላው ጫፍ ላይ ጨርቅ መጠቅለል ድምፁን ያወፍረዋል፣ ቆዳውንም ከመቀደድ ያድነዋል።

ቩቩዜላን ከዘፋኞች መሃል ማስገባት

ቩቩዜላ የሚባለው የፕላስቲክ ጥሩምባ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማውን ይውጠዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. ከደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ በኋላ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ከውድድሮቹ ያገደውም ለዚሁ ነው፦ የደጋፊውን ዝማሬ ስለሚያጠፋ። ካመጣችሁት ዳር ላይ ቁሙ፤ ማዕዘን ምት ሲመታ ለአጭር ጊዜ ንፉና አውርዱት።

ረጅም ግጥም መጀመር

በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ጨምበላላ፣ ሀዋሳ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ቄጣላን (የሲዳማን ባህላዊ ጭፈራ) ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ መሪው ያወጣል፣ ሕዝቡ አጭሩን ይቀበላል። ስታዲየም ውስጥም የሚሠራው ይኸው ነው። ተቀባዩ የሚለው ከአንድ ስንኝ አይብለጥ። አዲስ ጭፈራ ሲገባ ቢያንስ አምስትና ስድስት ጊዜ ሳይደጋገም አይቀየር፤ ዳር ያለው ሰው ቃሉን ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል። አማርኛውንና ሲዳምኛውን ማፈራረቅም ብዙ ሰው ይጨምራል።

ዘጠናውን ደቂቃ እኩል መጮህ

ያልተቋረጠ ጩኸት ከጊዜ በኋላ እንደ ዝናብ ድምፅ ይሆናል፤ ማንም አያዳምጠውም። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ የእንግሊዝ ጥናት 40 ዳኞች የአንድ ጨዋታን ንክኪዎች በቪዲዮ እያዩ እንዲፈርዱ ተደርገው ነበር። የሕዝቡን ድምፅ እየሰሙ የፈረዱት፣ ያለ ድምፅ ካዩት ይልቅ በባለሜዳው ላይ የሰጡት ጥፋት በ15.5 በመቶ አነሰ። ዳኛው ጆሮ ላይ የሚሠራው ድርጊቱ በተፈጸመባት ቅጽበት የሚፈነዳ ድምፅ ነው። ለዚያ የሚሆን ጉልበት አስቀሩ።

ተጋጣሚው ኳስ ይዞ ከኋላ ሲጀምር ፉጨቱን አንሱ፤ ተከላካዮቹ እርስ በርስ አይደማመጡም። የራሳችሁ ግብ ጠባቂ ለቅጣት ምት ግንብ ሲያሰልፍ ግን ዝም በሉ። ይህን የሚዘነጋ ደጋፊ በገዛ ቡድኑ ላይ ነው የሚጮኸው። ሀዋሳ ከሌላ ከተማ የመጡ ቡድኖችንም ስለምታስተናግድ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ የሚኖርበት ጊዜ አለ፤ በመጀመሪያው ድምፁን የጨረሰ ደጋፊ ለራሱ ቡድን አይተርፍም።

ፊሽካ ይዞ መግባት

በአፍ ማፏጨት ሌላ፣ ፊሽካ ሌላ። የጨዋታው ሕግ ቁጥር 5 ከተመልካች የተነፋ ፊሽካ ጨዋታውን ካወከ ዳኛው እንዲያስቆምና በተጣለ ኳስ እንዲያስጀምር ያዛል። አጥቂያችሁ ብቻውን ወደ ጎል እየሮጠ ቢሆንም ያው ነው። ፊሽካ ቤት ይቅር።

ስድብና ርችት

የብሔር ስድብ የጀመረ ሰው ካለ አስጨፋሪው ወዲያው ከበሮውን ያስቁም፤ ምት የሌለው ስድብ ቶሎ ይሞታል። ዳኛው በአድሏዊ ስድብ ምክንያት ጨዋታውን ማስቆም፣ ማቋረጥ፣ በመጨረሻም መሰረዝ ይችላል፤ የገንዘብና የዝግ ስታዲየም ቅጣቱን የሚሸከመው ክለቡ ነው። ርችትና ጭስም እንደዚሁ የተከለከለ ነው፤ በታጨቀ ሰው መሃል ያቃጥላል።

ጉሮሮና ጆሮ

ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ ተንፍሳችሁ ጩኹ፤ ውኃ በትንሽ በትንሹ ጠጡ፤ በእረፍቱ 15 ደቂቃ ዝም በሉ። ጫት አፍን ስለሚያደርቅ ድምፅን ቶሎ ያዘጋል። ድምፃችሁ ከተዘጋ በኋላ ማንሾካሾክ አያሳርፈውም፤ ዝም ማለት ነው የሚሻለው። 100 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ ለሩብ ሰዓት ብቻ ነው ያለ ጉዳት የሚሰማው፤ ቩቩዜላ ደግሞ በቅርብ ርቀት ከዚያ ያልፋል። ልጅ ይዛችሁ ከመጣችሁ ከከበሮው ቢያንስ አምስትና ስድስት ረድፍ ራቁ፤ ከፋርማሲ የሚገዛ የጆሮ መድፈኛም አድርጉለት።