አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ ሰልፍ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«መንገድ ካልተዘጋ ማን ይሰማናል?» ይላል አንዱ። «እኔ ምን አጠፋሁና ነው ፀሐይ ላይ የምታስቀምጡኝ?» ይላል ሌላው። ደሴ ላይ ቡና ተፈልቶ ይህ ወሬ ከተነሳ ከአቦል እስከ በረካ አያልቅም። እኔ ተሰላፊም ሆኜ አውቃለሁ፣ መንገድ ላይ የቀረሁ ተሳፋሪም።

የመጀመሪያው ስህተት የበደለንን ትቶ የቀረበንን መምታት ነው። ውሃ ከጠፋ ጥያቄው መሄድ ያለበት ውሃውን የሚያስተዳድረው ቢሮ በር ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት የኮምቦልቻና የባቲ መንገድ ቢዘጋ ባለሥልጣኑ ምን ይሆናል? ምንም። የምትጎዳው ፍየሏን ሸጣ እህል ልትሸምት የወጣችው እናት ናት። የባቲ ትልቁ ገበያ በሳምንት አንዴ፣ ሰኞ ነው። ካመለጣት አንድ ሳምንት ትጠብቃለች።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «ሰልፍ ማንንም ማስቸገር የለበትም» ማለት። ይሄ ዝም በሉ ማለት ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የነዳጅ ዋጋ ተጨመረብን ብለው ሥራ አቆሙ። ሕዝቡ በእግሩ ኳተነ። መንግሥትም ዋጋውን ቀነስ ለማድረግ ተገደደ። ልብ በሉ፣ ነጂዎቹ መጀመሪያ ያቆሙት የራሳቸውን እንጀራ ነው። በዚያው ሰሞን አውቶቡስ በድንጋይ ተደብድቧል፤ እሱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው ለታመመ ሰው መንገድ አለመልቀቅ። አንድ ጊዜ ከሐይቅ ወደ ደሴ ስንመጣ ሚኒባሳችን ድንጋይ ተደርድሮበት ቆመ። አጠገቤ ያለው አባት ልጁን ታቅፏል። የሪፈር ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። አንዱ ጎረምሳ «ወርዳችሁ በእግር ሂዱ!» አለ። ሌላው በመስኮት አጎንብሶ የልጁን እጅ አየ፤ ግሉኮስ የገባበት ፕላስተር ገና አልተነሳም። ምንም ሳይናገር ሁለት ድንጋይ ገፋ። አለፍን። ሰልፉም አልፈረሰም።

ሳያሳውቁ መውጣትም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ያለ መሣሪያ በሰላም መሰለፍን ይፈቅዳል። የ1983ቱ የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ደግሞ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ይላል። አሳውቁ እንጂ ለምኑ አላለም፤ በተግባር ግን «ፈቃድ አላችሁ?» ነው የምንባለው። ለማንኛውም ሹፌሩና ገበያተኛውም ቀድመው ቢሰሙ ምን ይጎዳል?

የመጨረሻው ሱቁን ያልዘጋን ሰው እንደ ከሃዲ ማየት ነው። በፍርሃት የተዘጋ ሱቅ ድጋፍ ተብሎ አይቆጠርም። አንድ የአድማ ቀን ደሴ ላይ ጀበናዋን ከበር ኋላ ደብቃ የምትሸጥ ልጅ አገኘሁ። «ወንድምዓለም፣ እኔም ከናንተው ጋር ነኝ» አለችኝ። «የቤት ኪራዩንስ ማን ይክፈልልኝ?» መልስ አጣሁ። ቡናዬን ጠጥቼ ሒሳብ ከፈልኩ።