የጸሐፊዎች ክበብ የሚያፈርሱ ስህተቶች

አባላቱ የጻፉትን እያመጡ አስተያየት የሚሰጣጡበት የጸሐፊዎች ክበብ መመሥረት ቀላል ነው። ሦስት ሰው ይስማማል፣ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ከአራተኛው ስብሰባ በኋላ ነው። የሚፈርሱት ክበቦች ደግሞ ሁሌም በአንድ ዓይነት ምክንያት ነው የሚፈርሱት።

የመጣውን ሁሉ መቀበል። ብዙ ሰው ሲመጣ ደስ ይላል፣ ይገባኛል። ግን ሒሳቡን እንሥራው። ስምንት ከሆናችሁ፣ በአንድ ጽሑፍ ላይ ሰባት ሰው አራት አራት ደቂቃ ቢናገር 28 ደቂቃ ነው። ለጸሐፊው መልስ 5 ጨምሩ። በሁለት ሰዓት ስብሰባ ሦስት ጽሑፍ ይታያል። ሃያ ከሆናችሁ ግን አንዱ ጽሑፍ ብቻውን 81 ደቂቃ ይፈጃል። ተራው ወራት ቆይቶ የሚደርሰው ሰው ደግሞ ሳይሰናበት ይጠፋል።

ቀኑን «ሲመቸን» ማለት። ለሁሉም የሚመች ቀን የለም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ካላችሁ ቅዳሜ ነው፤ ሦስት ሰው ብቻ ቢመጣም ይካሄድ።

ጸሐፊው ጽሑፉን ማስረዳቱ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አንዱ አጭር ልቦለድ ያመጣል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሴትዮዋ ደብዳቤ ይደርሳታል፤ ሳትከፍተው ታቃጥለዋለች። አንባቢ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ጸሐፊው ይነሣና ስለ ወንድሟ፣ ስለ ልጅነቷ፣ ፖስታው ላይ ስላየችው የእጅ ጽሑፍ ሩብ ሰዓት ያወራል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ገጹ ላይ ግን አንዱም የለም! «የወንድሟን የእጅ ጽሑፍ አወቀችው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃው ነበር። መጽሐፉን የሚገዛው ሰው ቤት ድረስ እየሄደ ሊያስረዳ ነው? «ይሄ እኮ በእውነት የሆነ ነው» የምትለዋ መከላከያም ከዚሁ ወገን ናት። የሆነ ነገር ሁሉ ገጽ ላይ ሲሰፍር ያሳምናል ማለት አይደለም።

መድኃኒቱ የቆየ ነው። ደራሲው ዴመን ናይትና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ውስጥ ሚልፎርድ በምትባል ከተማ የሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊዎችን ሰበሰቡ። ከዚያ የመጣው ደንብ ዛሬም በከተማዋ ስም ይጠራል፦ ሁሉም በተራ ይናገራል፣ ማንም አያቋርጥም፣ ጸሐፊው ዝም ብሎ ይሰማል፣ መልስ የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። ጸሐፊው ጽሑፉን ሲልክ ሁለት ጥያቄ አብሮ ይላክ፣ «የት ሰለቻችሁ?» እንደሚለው ዓይነት። አለዚያ ዝምታው ለጀማሪ ፍርድ ቤት የቆመ ያህል ይከብደዋል።

«ቆንጆ ነው፣ በርታ» ብሎ ማለፍ። በርታ የተባለው ልጅ ምኑን እንደሚያስተካክል ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። «ሁለተኛው ገጽ ላይ ማን እየተናገረ እንደሆነ ጠፋብኝ» በሉት። ይህን ይዞ መሥራት ይችላል። ቆንጆ ከሆነም የቱ መስመር እንደሆነ ንገሩት፤ በሚቀጥለው ረቂቅ እንዳይሰርዘው።

የሌላውን ጽሑፍ የራስ ማድረግ። «እኔ ብሆን ልጁን እገድለው ነበር» የሚል አባል የትም አይጠፋም። ግደለው፣ በራስህ ልቦለድ ውስጥ።

እዚያው እያነበቡ እዚያው መተቸት። ልቦለድ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ ይላክ። ግጥም ግን ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ሁለቴ። ቤት የማይመታው ስንኝ በጆሮ ቶሎ ይታወቃል።

ሥራውን ሁሉ ለመሥራቹ መተው። ቀን የሚያስታውስም፣ ሰዓት የሚይዝም፣ የተኳረፈ የሚያስታርቅም እሱ ከሆነ፣ የታመመ ዕለት ክበቡም አብሮት ይተኛል። መሪነቱ በዙር ይሁን።

ለመድበል መቸኮል። ሦስት ወር ሳይሞላ «የጋራ መጽሐፍ እናሳትም» የሚል ሰው ይነሣል። ሁሉም ያጨበጭባል። ከዚያ የማን ይግባ፣ የማን ይቅር፣ ገንዘቡን ማን ያዋጣ፣ የማን ስም ይቅደም። የግጥም ተራ የነበረው ምሽት በሽፋን ክርክር ያልቃል። ቢያንስ አንድ ዓመት ቆዩ። በዚያ ጊዜ የየአንዳንዱን ጽሑፍ ሁለተኛና ሦስተኛ ረቂቅ ሁላችሁም ስለምታዩት፣ ምርጫው ያን ያህል አያጣላም።