ፎቶ ሲያሳትሙ የባለቤትነት ጥያቄ ቢነሣ

ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት ፎቶ ቤቶች ወደ አንዱ ገብተው የሠርግ ፎቶዎን በፍላሽ ሲሰጡ፣ ሠራተኛው ጥጉ ላይ የሌላ ስቱዲዮ ስምና ስልክ አይቶ «ይህን አላትምም» ሊልዎ ይችላል። አይቆጡ፤ በቅጂ መብት ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የፎቶግራፍ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት (ሥራውን የማባዛትና የመሸጥ መብት) ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመት የተጠበቀ ነውና ጥንቃቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ያው አዋጅ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት የአዛዡ እንደሆነ ስለሚደነግግ፣ ከፎቶ አንሺው ጋር የተፈራረሙትን ውልና የከፈሉበትን ደረሰኝ ይዘው ቢቀርቡ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ እዚያው ባንኮኒ ላይ ያልቃል። ውሉ መብቱን ለስቱዲዮው የሚሰጥ ከሆነ ግን በቴሌግራም አጭር የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ስሙን ቆርጦ ማሳተም የባለሙያውን ድካም መካድ ነው። በራስዎ ስልክ ያነሡትን ከሆነ ዋናውን ፋይል ማሳየት ይበቃል።

አጥብቄ የማሳስበው ሌላ ጉዳይ አለ፤ ፎቶ ቤቱ የእርስዎን ምስል አሳትሞ መስኮቱ ላይ ለመስቀል ቢፈልግ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት ፈቃድዎ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሒሳብ ከፍለው ከመውጣትዎ በፊት ፋይሉ ከኮምፒውተሩ መጥፋቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ።