ኑክሊዮለሱ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ኑክሊዮለስ የራይቦዞም (የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ) አርኤንኤ የሚሠራበት የኑክሊየስ (የሴሉ አስኳል) ክፍል ነው። ስፋቱንና የአርኤንኤውን ብዛት በደም ሴል ላይ ስንለካ ሴሉ ፕሮቲን ለመሥራት ምን ያህል እንደተዘጋጀ እንረዳለን። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ተለወጠ ብለን የምንጽፈው ለውጥ የመጣው ከሴሉ ሳይሆን ከስላይዳችን ነው።

ኑክሊዮለሱ ጨርሶ አይታይም?
በተለመዱት የደም ማቅለሚያዎች፣ በጂምሳ ወይም በራይት፣ ቀልማችሁ ከሆነ አትገረሙ፤ ክሮማቲኑ (ከፕሮቲን ጋር የተጠቀለለው ዲኤንኤ) ይሸፍነዋል። አርኤንኤን ሰማያዊ አድርጎ ወደሚያሳየው ቀለም፣ ወደ ቶሉይዲን ብሉ ዙሩ። ደግሞም ያረፈ (ለመከፋፈል ያልተነሳሳ) ሊምፎሳይት፣ ይኸውም አንዱ የነጭ ደም ሴል ዓይነት፣ ኑክሊዮለሱ ትንሽ ነው። ብዙውን ጊዜ ቀለበት ይመስላል፤ ዙሪያው ደመቅ፣ መሃሉ ፈዘዝ ያለ። ይህ ጤነኛ መልኩ ነው።

ኑክሊየሱ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ?
ቶሉይዲን ብሉ የሚይዘው ፎስፌትን ነው፤ ፎስፌት ደግሞ ዲኤንኤም ላይ አለ። መጀመሪያ የበፈሩን (አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ የተዘጋጀውን ፈሳሽ) ፒኤች በሜትር ለኩ፤ 5 አካባቢ ይሁን። ቀጥሎ የአርኤንኤዝ (አርኤንኤን የሚቆራርጥ ኢንዛይም) ሙከራ ሥሩ። ይህን ሙከራ በምንም ምክንያት አትዝለሉት። ከአንድ ደም ሁለት ስሚር (ስላይድ ላይ በስሱ የተዘረጋ ደም) አዘጋጁ። አንዱን ኢንዛይም ባለበት በፈር፣ ሌላውን ኢንዛይም በሌለበት በዚያው በፈር፣ ሁለቱንም በ37 ዲግሪ ለእኩል ጊዜ አቆዩ። ከዚያ አብራችሁ ቅለሟቸው። በኢንዛይሙ የጠፋው ቀለም አርኤንኤ ነበር፤ የቀረውን አትቁጠሩት።

ኢንዛይም ያልነካው ስላይድም ከፈዘዘ የሆነ ቦታ አርኤንኤዝ ገብቷል ማለት ነው። አንዴ እኔን ያስቸገረኝ ሁለቱንም ስላይድ የማነሳበት ወረንጦ ነበር። አርኤንኤዝ እልኸኛ ነው፤ ቢቀቀልም በቀላሉ አይሞትም። ለኢንዛይሙ የራሱን ወረንጦና የራሱን ዕቃ መድቡለት።

ከአንድ ሰው ደም ሁለት የተለያየ ስፋት መጣ?
የት ላይ ነው የለካችሁት? ስሚሩ ወፍራም በሆነበት ሴሎቹ ኩምትር ይላሉ፤ ጭራው (የስሚሩ ስስ መጨረሻ) ጫፍ ላይ ደግሞ ተዘርግተው ይሰፋሉ። ከጭራው ትንሽ መለስ ብላችሁ፣ ሴሎቹ ሳይደራረቡ የተደረደሩበትን ቦታ ምረጡ። ደሙ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ባለበት ቱቦ ውስጥ ለሰዓታት ከቆየም የኑክሊየሱ ቅርጽ ይበላሻል፤ ስሚሩን ቶሎ ሥሩ። የኑክሊዮለሱን ስፋት ለኑክሊየሱ ስፋት አካፍላችሁ መዝግቡ፤ የመዘርጋቱን ስህተት በከፊል ያቀልላችኋል።

ስፋቱ ልክ ሆኖ ድምቀቱ በየቀኑ ይለያያል?
ካሜራው ብርሃኑን በራሱ እያስተካከለ ነው። አውቶውን አጥፉት፣ ጋማውን (ካሜራው ብርሃኑን ወደ ፒክሴል ቁጥር የሚለውጥበትን ማስተካከያ) 1 ላይ አድርጉ፣ መብራቱ እስኪረጋ ጠብቁ። ከሴሎቹ አጠገብ ባዶ ቦታም አንሱ። ባዶው ቦታ ያሳለፈውን ብርሃን ኑክሊዮለሱ ባሳለፈው አካፍላችሁ ሎጋሪዝሙን ስትወስዱ ኦፕቲካል ዴንሲቲውን (ቀለሙ ብርሃኑን ምን ያህል እንደከለከለ የሚያሳየውን መለኪያ) ታገኛላችሁ። የፒክሴሉን ብሩህነት እንዳለ መውሰድ አያዋጣም።

ሰፊ ኑክሊዮለስ ሁሉ በአርኤንኤ የታጨቀ አይደለም። ሰፍቶ የፈዘዘ አለ፣ ጠብቦ የደመቀም አለ። ስለዚህ ስፋቱንና አማካይ ድምቀቱን ለየብቻ ጻፉ፤ የጠቅላላውን አርኤንኤ ግምት የምታገኙት ሁለቱን ስታባዙ ነው።