የደንበኛ ሚስጥር ከሂሳብ ቢሮ እንዳይወጣ

በአንድ አነስተኛ የሂሳብ ቢሮ የደንበኛው ፔይሮል (የሠራተኞች ደመወዝ ዝርዝር)፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥርና የኢ-ታክስ (ግብር በኢንተርኔት የሚታወቅበት ሲስተም) ፓስወርድ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ። ሚስጥሩ ሾልኮ የሚወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዕለት ተዕለት ሥራ መካከል ነው።

ዋናው ቀዳዳ ኮፒ ቤት ነው። የፕሪንተሩ ቶነር (ቀለም) ሲያልቅ ፍላሽ ይዞ መሮጥ የተለመደ ነው። ኮፒ ቤት ያለው ልጅ ፋይሉን መጀመሪያ ዴስክቶፑ ላይ ይገለብጠዋል፤ እርስዎ ፍላሽዎን ነቅለው ሲሄዱ ፋይሉ እዚያው ይቀራል። ግድ ከሆነ በባዶ ፍላሽ አንዱን ፋይል ብቻ ይያዙ፣ ከፍላሹ ላይ በቀጥታ ተከፍቶ ይታተም። ዴስክቶፕ ላይ ከተገለበጠ በሺፍት ዲሊት ያስጠፉት፤ ዲሊት ብቻ ከተባለ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይቀመጣል። በሺፍት ዲሊት የጠፋንም ቢሆን የሚያውቅ ሰው ሊመልሰው ስለሚችል ፔይሮል ከቢሮ ባይወጣ ይመረጣል። ተበላሽቶ የታተመውን ገጽም ይዘው ይውጡ።

ኤክሴል ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው የአንዱን ደንበኛ ፔይሮል ሴቭ አዝ ብሎ ለሌላው መሥራት ነው፤ የተደበቀ ሺት ካለ የቀድሞው ደንበኛ ሠራተኞች ስምና ደመወዝ አብሮ ይሄዳል። ባዶ ቅጽ አዘጋጅተው ሁልጊዜ ከእሱ ይጀምሩ። ሁለተኛው ፕሮቴክት ሺት ፋይሉን የሚቆልፍ መምሰሉ ነው፤ እሱ መቀየርን እንጂ ማየትን አይከለክልም። ፋይል፣ ኢንፎ፣ ፕሮቴክት ወርክቡክ፣ ከዚያ ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስወርድ የሚለውን ይምረጡ። ፋይሉን በቴሌግራም ሲልኩ ፓስወርዱን እዚያው አይጻፉ፤ ደውለው ይንገሩ።

ኮምፒውተር ላይ በቴሌግራም ተቀብለው ያወረዱት ፋይል ዳውንሎድ ውስጥ ባለው የቴሌግራም ዴስክቶፕ ፎልደር ይቀመጣል፣ ቻቱ ቢጠፋም ይኖራል። በየሳምንቱ ዓርብ ያጽዱት። ሠራተኛ ሲለቅ በዚያው ቀን በቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ ገብተው የእሱን ስልክ ከቢሮው አካውንት ያስወጡ፤ የሚያውቀውን የደንበኛ የኢ-ታክስ ፓስወርድም በሙሉ ይቀይሩ።

አሮጌ ወረቀት በኪሎ መሸጥ ይቅር። የደመወዝ ዝርዝር ቆሎ ተጠቅልሎበት መንገድ ላይ ሲገኝ ማስተባበያ የለውም።

«የእሳቸው ሸሪክ ነኝ፣ ግብሩ ስንት መጣ?» ብሎ ለሚደውል መልሱ አንድ ነው፦ ባለቤቱ ራሳቸው ይጠይቁን። ከዚያ ፋይሉ ላይ ባለው ስልክ ደንበኛውን ደውለው ያሳውቁ።

ፋይል በቴሌግራም ለተሳሳተ ሰው ከተላከ ወዲያው ለሁለቱም ወገን ያጥፉ፤ ሰውየው አውርዶት ከሆነ ግን ስልኩ ላይ ስለሚቀር ደውለው እንዲያጠፋ ይጠይቁ። የትኛው ፋይል፣ ለማን፣ በስንት ሰዓት እንደሄደ ይጻፉና ለደንበኛው በዚያው ቀን ይንገሩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዳታ ሲያመልጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅን ስለሚጠይቅ ማስታወሻው ያኔ ይፈለጋል።