በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት የንግግር እግድ ሲጣልብዎ እንዴት ያስነሱታል

«ስለ ከሳሹ እንዳይናገር፣ ቪዲዮውንም እንዲያወርድ» የሚል ትእዛዝ ሲደርስዎ የመጀመሪያው ሥራ ማክበር ነው፤ ሕገ መንግሥቱን መጣሱ በግልጽ ቢታይዎ እንኳ። ማርቲን ሉተር ኪንግና ሌሎች ቀሳውስት በ1963 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በበርሚንግሃም የሰልፍ እግድ ጥሰው ወጡ። እግዱ እንዲነሳ ሳያመለክቱ በመጣሳቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 የአምስት ቀን እስራታቸውን 5 ለ4 በሆነ ድምፅ አጸና። እግዱ ያስከበረውን የከተማውን የሰልፍ ደንብ መሠረት ያደረገ ሌላ ፍርድ በ1969 ሲሻር ለእነሱ ዘግይቷል።

ቪዲዮውን ግን አያጥፉት። ለሌላ ሰው እንዳይታይ አድርገው ቅጂውን ያስቀምጡ፤ ማስረጃ ማጥፋት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ወዳጅዎ በቻናሉ እንዲለቅልዎም አይጠይቁ፤ ትእዛዙን እያወቀ የሚተባበርዎ ሰውም በእግዱ ይገደዳል።

ከዚያ ትእዛዙን ከፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 65 ጋር እያስተያዩ ያንብቡ። እርስዎ ሳይጠሩ የተሰጠ ከሆነ የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ ጉዳቱ የማይመለስበት ምክንያትና ያልተጠሩበት ምክንያት ሊጻፍበት ይገባል። ዕድሜው ከ14 ቀን አይበልጥም፤ በቂ ምክንያት ሲኖር ለያን ያህል ጊዜ፣ እርስዎ ሲስማሙ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊራዘም ይችላል። ስለዚህ የከሳሽ ጠበቃ «ቀጠሮው ይራዘም» ብሎ የሚልክልዎን ወረቀት በችኮላ አይፈርሙ። የተከለከለው ነገርም ተዘርዝሮ መጻፍ አለበት፤ «በክሱ እንደተገለጸው» ብሎ የሚያልፍ ትእዛዝ ጉድለት አለበት። ከሳሽ ዋስትና ማስያዙንም ይመልከቱ።

እግዱ እንዲነሳ ሲያመለክቱ፣ ሳይጠሩ ለተሰጠ ትእዛዝ ለከሳሽ የሁለት ቀን ማስታወቂያ ይበቃል፤ ዳኛው ሊያሳጥረውም ይችላል። ማመልከቻውን፣ የሕግ ክርክሩን፣ ሐሰት ከሆነ እንደሚጠየቁበት አውቀው የፈረሙበትን ቃልዎን ከነማስረጃው፣ እንዲሁም ዳኛው የሚፈርምበትን የትእዛዝ ረቂቅ አብረው ያስገቡ።

ክርክሩ የሚበላሸው ገጹ ሁሉ «የተናገርኩት እውነት ነው» በሚል ሲሞላ ነው። እውነት መሆኑ ይጠቅማል፤ ዋናው ጥያቄ ግን ሐሰትነቱ በፍርድ ሳይረጋገጥ ንግግርን አስቀድሞ መከልከል ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1931 በሚኒሶታ ጋዜጣ ላይ የተጣለውን እግድ ሲሽር፣ ስሙ የጠፋ ሰው መፍትሔው በስም ማጥፋት መክሰስ እንጂ ኅትመቱን ማስቆም አለመሆኑን አስረድቷል። ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርበው ያው ፍርድ ቤት በ1971 የወሰነው ጉዳይ (Organization for a Better Austin v. Keefe) ነው፤ ከሳሹ የግል ሰው፣ የቤት ደላላ ነበር። ስለ ሥራው የሚነቅፍ በራሪ ወረቀት በመኖሪያ ሰፈሩና ለቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን ሲበተን በግላዊነት ስም እግድ አወጣ። እግዱ ተሻረ፤ ቅድመ ክልከላ ተገቢ መሆኑን የማሳየት ከባድ ሸክም የከሳሹ ነው ተባለ። ይህን መዝገብ ከፊት ያስቀምጡት። ዛቻ፣ የንግድ ምስጢርና የቅጂ መብት ግን ሌላ ሚዛን አላቸው፤ በመጨረሻ ፍርድ ሐሰት የተባለን ቃል እንዳይደገም የሚያግዱ ፍርድ ቤቶችም አሉ።

ማመልከቻዎ ውድቅ ቢሆንስ? የ14 ቀኑ ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ ይግባኝ አይባልበትም። ሁለቱ ወገኖች ተሰምተው ክሱ እስኪያልቅ በተሰጠ እግድ ላይ ግን ፍርዱን ሳይጠብቁ ይግባኝ ይላሉ፤ መንግሥት ተከራካሪ ካልሆነ ጊዜው 30 ቀን ነው። ይግባኙ እስኪታይ እግዱ እንዲቆም በቅድሚያ የሚጠይቁት ያንኑ ዳኛ ነው። ትእዛዙ ከስቴት ፍርድ ቤት የመጣ ከሆነ የቀናቱ ቁጥር ይለያልና የዚያን ስቴት ደንብ በዚያው ዕለት ያውጡ።