የምንወደው ተጫዋች ሲሞት፦ ለጎንደር ደጋፊዎች

ወሬው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው የሚደርሰው። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተጫዋቹ ፎቶ ይለጠፋል፣ ከሥሩ የሚበራ ሻማ። ከዚያ ሁሉም «እውነት ነው እንዴ?» ይላል። የሚመልስ ግን የለም። እዚህች ሰዓት ላይ የምታደርጉት ነገር በኋላ ከምታደርጉት ሁሉ ስለሚበልጥ ከዚሁ ልጀምር።

አትለጥፉ።

አንደኛ፣ ፌስቡክ በቁሙ ያልቀበረው ታዋቂ ሰው የለም። ሁለተኛው ምክንያት ይብሳል። ተጫዋቹ የጎንደር ልጅ ከሆነ እናቱ አሁን አዘዞ ወይ ማራኪ ወይ ቀበሌ 18 ተኝታለች። መርዶ ደግሞ ሥርዓት አለው። ዘመድ ይጠራራል፣ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ የነፍስ አባት ይነገራቸዋል፣ ጎረቤት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ይሄ ሁሉ የሚደረገው እናት የልጇን ሞት ስትሰማ የሚይዛት ሰው አጠገቧ እንዲኖር ነው። እናንተ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ «ነፍስ ይማር ጀግናችን» ብላችሁ ስትለጥፉ የአክስቱ ልጅ አይታ እየጮኸች ትደውላለች፣ በቃ፣ መርዶው ተበላሸ። ለላይክ ብላችሁ የሰው እናት አታርዱ።

ማጣራት ካለባችሁ ቤተሰቡ ጋ አትደውሉ። የቡድን ጓደኛውን ወይም ከክለቡ ሰዎች የምታውቁትን አንዱን ጠይቁ። ከተረጋገጠም በኋላ ቤተሰቡ መረዳቱን እስክትሰሙ ዝም በሉ። የውጭ አገር ተጫዋች ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ክለቡ ራሱ መግለጫ እስኪያወጣ መታገሥ ነው።

የሩቁ ሰው ከሆነ

«ለማታውቀው ፈረንጅ ታለቅሳለህ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሊቨርፑልን ለዓመታት በዲኤስቲቪ ቤት ሲያይ የኖረ ሰው ዲዮጎ ጆታን አያውቀውም ማለት ይከብዳል። ጆታ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 2025 ስፔን ውስጥ በመኪና አደጋ ሲሞት 28 ዓመቱ ነበር፣ ካገባም ሁለት ሳምንት አልሞላውም። አብሮት ታናሽ ወንድሙ አንድሬ ሲልቫም ሞቷል፤ እሱም ኳስ ተጫዋች ነበር። ክለቡ 20 ቁጥርን ለዘለዓለም አሳረፈው። ደጋፊው ደግሞ 20ኛው ደቂቃ ሲደርስ ተነሥቶ ማጨብጨብና ስሙን መዝፈን ያዘ።

ይሄ የደቂቃው ነገር ለእኛም ይመቻል። ወጪ የለውም፣ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ በየትኛውም ዲኤስቲቪ ቤት ይሠራል። የቤቱን ባለቤት ቀድማችሁ አናግሩት፣ በመለያ ቁጥሩ ደቂቃ ላይ ድምፁን ለአፍታ ይቀንስላችሁ። መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማል፤ ሻይና ለስላሳ ካዘዛችሁ ይስማማል። የማንቼ ደጋፊ እዚያች ደቂቃ ላይ ሊቀልድ ከሞከረ አትደባደቡ። ቀድማችሁ ከነሱ ውስጥ ሰው የሚሰማውን አንዱን አስጠንቅቁት፣ እሱ ዝም ያሰኛቸዋል።

ከቤዝቦልም የምንማረው አለ። ጎንደር ላይ ቤዝቦል ማን ያያል እንዳትሉኝ፤ ጨዋታውን ሳይሆን ሐዘናቸውን ነው የማነሣው። የፒትስበርግ ፓይሬትሱ ሮቤርቶ ክሌመንቴ ፖርቶሪኳዊ ነበር። ኒካራጓ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ እርዳታ ጭኖ ሲሄድ አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ቀኑ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1972 ነበር። በመጨረሻው የውድድር ዘመኑ 3000ኛ የተሳካ ምቱን አስመዝግቦ ነበር፣ ከዚያ ሳያልፍ ቀረ። አስከሬኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። የቡድን ጓደኞቹ ለመታሰቢያው ጸሎት ሲሰበሰቡ ማኒ ሳንጊየን አልተገኘም፤ ባሕር ውስጥ እየጠለቀ ጓደኛውን ይፈልግ ነበር። ሐዘን እንደየሰዉ ነው። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ሥራ ይፈልጋል። ለቅሶ ቤት ሳይቀመጥ ወንበር ሲያመላልስ የሚውለውን ልጅ «ይሄ አላዘነም» አትበሉት።

ሌላው የማያሚ ማርሊንሱ ሆሴ ፈርናንዴዝ ነው። ኳስ ወርዋሪ ነበር፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 2016 በጀልባ አደጋ ሞተ፣ ገና 24 ዓመቱ። የዚያን ቀን ጨዋታ ተሰረዘ። በማግስቱ ቡድኑ በሙሉ የሱን ስምና 16 ቁጥር ለብሶ ገባ። የቡድን ጓደኛው ዲ ጎርደን ዘወትር በግራ ነበር የሚመታው። ያን ቀን ግን የመጀመሪያውን ኳስ የፈርናንዴዝን ሄልሜት አድርጎ እንደ እሱ በቀኝ ቆሞ አሳለፈ፣ ከዚያ ወደ ግራው ተመልሶ ከሜዳ ውጭ አወጣት። ይሄ በቤዝቦል ሆምረን ይባላል፣ እንደኛ ጎል ያለ ነው፤ ለሱ የዓመቱ የመጀመሪያ ነበረች። እያለቀሰ ነው ዙሪያውን የሮጠው። ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ኮፍያቸውን ፈርናንዴዝ ቆሞ ይወረውርባት በነበረችው ጉብታ ላይ ጥለው ወጡ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ጀልባዋ ላይ ሌሎች ሁለት ወጣቶችም ነበሩ፣ እነሱም ሞተዋል። በኋላ ደግሞ ምርመራው ጀልባዋን ይነዳ የነበረው ራሱ ፈርናንዴዝ እንደነበርና በደሙ ውስጥ አልኮልና ኮኬይን እንደተገኘ አወጣ። ለደጋፊ ይሄ ከባድ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ያዙ። ተጫዋቹ ብቻውን ካልሞተ የአብሮ ሟቾቹም ስም ባነሩ ላይ ይግባ፣ ለቅሷቸውም ይደረስ። የሞቱ ምክንያት ሳይጣራም «ገደሉት»፣ «እንትና ነው ያስገደለው» እያላችሁ አትጻፉ። ጥሩ ያልሆነ ነገር ከወጣም መካድ የለባችሁም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ የምትወዱትንም መውደድ ይቻላል።

የሰፈራችን ልጅ ከሆነ

እዚህ ላይ ሥራው ብዙ ነው። ደጋፊ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ለቅሶው የቤተሰቡ መሆኑን ነው። ስታዲየሙ የናንተ ሊሆን ይችላል፣ ድንኳኑ ግን የናንተ አይደለም።

ስለዚህ ከመካከላችሁ ሦስት ሰዎች ምረጡ። ጯሂ ሳይሆን ሽማግሌ የማያሳፍር ልጅ ይሁን፣ ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን፤ ጓዳ ድረስ ገብታ የጎደለውን የምታየው እሷ ናት። እነዚህ ሰዎች የእድሩን ዳኛና ከቤተሰቡ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም የሆነውን ያናግሩ። ጥያቄው አጭር ነው፦ ምን እናግዝ፣ ምንስ እንዳናደርግ ትፈልጋላችሁ? ድንኳኑንና ወንበሩን እድሩ ያመጣል። የሚጎድለው የሰው ጉልበት ነው። ውኃ በማይመጣበት ሳምንት ጀሪካን መሙላት፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ሩቅ አገር የመጣውን እንግዳ ከመናኸሪያ መቀበል፣ ማታ ማታ አምሽቶ ወንበር መሰብሰብ። ባጃጅ ያለው ደጋፊ ሦስት ቀን በነፃ ቢያመላልስ ከየትኛውም ባነር ይበልጣል።

አስከሬኑ ከሌላ ከተማ በአውሮፕላን የሚመጣ ከሆነ ሁላችሁም ወደ አዘዞ መውረድ ትፈልጋላችሁ። ውረዱ። ግን የቤተሰቡ መኪና ከፊት ይሁን፣ ሞተርና ባጃጅ ከኋላ። ጡሩምባ የለም፣ መቅደም የለም፣ ቆሞ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሞተረኛ የለም። አንድ ቀብር ላይ ሌላ ቀብር አትጨምሩ።

ቤተ ክርስቲያን ስትደርሱ የስታዲየም ዘፈን በር ላይ ይቅር። ፍታቱ እስኪያልቅ መለያችሁን በነጠላ ወይ በጃኬት ሸፍኑት። ይሄን የምለው መለያ ነውር ነው ብዬ አይደለም፤ እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገት አድርገው በቆሙበት መካከል ቀይ መለያ የለበሰ መቶ ሰው ሲገባ ዓይን ሁሉ ወደናንተ ስለሚዞር ነው። ስካርፍ ወይም መለያ ሳጥኑ ላይ ማድረግ ከፈለጋችሁ ቤተሰቡን አስፈቅዱ፣ ቄሱንም ጠይቁ።

ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ነገሩ ይፈጥናል። ቀብሩ በዚያው ቀን ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ባነር እስኪታተም ብላችሁ እንዳያመልጣችሁ። ሻማና ፎቶ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ብዙ ቤተሰብ አይወደውም። «ነፍስ ይማር» የሚለውን በልማድ እንዳትለጥፉት፤ «አላህ ይዘንለት» በሉ፣ ወይም «ጀነተል ፊርደውስ ይወፍቀው»።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ምን ይባላል ለሚለው፣ ምንም። ገብታችሁ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ትላላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፣ ንፍሮ ከመጣ ትዘግናላችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ትነሣላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ለአባቱ ስለዚያ ጎል አታውሩ። ሠልስት ካለፈ በኋላ ማታ ማታ ቤተሰቡ ራሱ ጨዋታ ይጀምራል፣ በልጅነቱ የጎረቤት መስኮት እንዴት እንደሰበረ ይነሣል። ያኔ የናንተ ጎል ትፈለጋለች። ቪዲዮው ስልካችሁ ላይ ካለ ያኔ ነው ማሳየት። ኳስ ሜዳ ሄደው የማያውቁ እናት ልጃቸው ጎል አግብቶ ሕዝብ ሲጮህለት የሚያዩት ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል። ቤተሰቡ እንዲያስቀምጠው ፋይሉን ላኩላቸው፣ ቲክቶክ ላይ ዘፈን የተለጠፈበትን ሳይሆን ንጹሑን።

ገንዘብ

ሰው የሚጣላው እዚህ ላይ ስለሆነ ፍርጥርጥ አድርጌ ልናገር። በአንድ ሰው ቴሌብር አትሰብስቡ። ልጁ ሐቀኛ ቢሆንም እንኳ ሐሜት አይቀርለትም። በቤተሰቡ ምርጫ በሚስቱ ወይም በእናቱ ስም የባንክ ሒሳብ ይከፈት፣ ቁጥሩን ክለቡ ወይም የደጋፊ ማኅበሩ በራሱ ገጽ ያውጣው። በእጅ የተሰበሰበ ካለ ሦስቱ ተወካዮች ቆጥረው ያስረክቡ፣ ደረሰኙም ለደጋፊው ይታይ። ቲሸርት አሳትሞ መሸጥ የሚፈልግ ይመጣል። ትርፉ ለልጆቹ ካልሆነ አይሆንም በሉት።

ባነርና ስብሰባ

ባነሩን ከማሳተማችሁ በፊት ስሙን፣ የአባቱን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ከቤተሰቡ ሰው ጋር አረጋግጡ። ከፌስቡክ የተወሰደ ፎቶ በሦስት ሜትር ባነር ላይ ሲወጣ ፊቱ ይፈርሳል፤ ክለቡ ጋ ጥራት ያለው አለ፣ ጠይቁ። ጽሑፍ አታብዙ።

ፋሲለደስ ስታዲየም ወይም ጃንተከል ዋርካ አካባቢ ሻማ ለማብራት ካሰባችሁ ለከተማው ጸጥታ ቀድማችሁ አሳውቁ። ሰዓት እላፊ ባለበት ጊዜ ማታውን ተዉትና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አድርጉት፣ ሻማው በቀንም ይበራል። በሻማ የመለያ ቁጥሩን መሥራት ፋሽን ሆኗል። እኔ አልወደውም፣ ከላይ ፎቶ ለማንሣት ተብሎ ሐዘንተኛው ሁሉ ወደ ኋላ ይገፋል። እናንተ ከወደዳችሁት አልከለክልም።

የሕሊና ጸሎቱን በጨዋታ ላይ ማድረግ ከፈለጋችሁ ጥያቄው በክለቡ በኩል ለአወዳዳሪው አካል ይቅረብ። ሜዳ ውስጥ እንዳትገቡ፣ ቅጣቱ የሚያርፈው ክለቡ ላይ ነው። ክለባችን ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣም፣ ከዚያም ወዲህ፣ ብዙ ጨዋታ ከጎንደር ውጭ ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ደጋፊ ያችን ደቂቃ የሚያሳልፈው ስክሪን ፊት ነው። እዚያም ተነሡ። አንድ ሰው ቀድሞ ቢነሣ ሌላው ይከተላል።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ

ድንኳኑ ይነሣል፣ ግሩፑ ላይ የዝውውር ወሬ ይመለሳል። የቡድን ጓደኞቹ ግን ልምምድ ላይ ባዶ ቦታውን ያያሉ። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ተከላካዩ ስህተት ቢሠራ አትስደቡት። እንቅልፍ ያጣ፣ መጠጥ ያበዛ፣ «እኔም ብሞት» የሚል ልጅ ካለ ብቻውን አትተዉት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ አብራችሁት ሂዱ። «ወንድ ልጅ ነህ ቻለው» የሚለውን ምክር ለራሳችሁ አስቀሩት።

ለአርባው ደግማችሁ ሂዱ፣ በዚህ ጊዜ የሚመጣው ሰው ጥቂት ስለሆነ የናንተ መምጣት ይታያል። ለሙት ዓመቱ የሰፈር ውድድር ማዘጋጀት ጥሩ ነው፣ እሱ ልጅ ሆኖ በተጫወተበት ሜዳ ቢሆን ይመረጣል። አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ይጫወቱበት። ዋንጫውን እናቱ ይስጡ ትላላችሁ፤ አንዴ ጠይቋቸው፣ ካልፈለጉ አትለማመጧቸው። ታናሽ ወንድሙ ወይም በልጅነቱ ያሠለጠነው ሰው ይስጥ። የክብር እንግዳ ብላችሁ ባለሥልጣን አትፈልጉ፣ ንግግሩ ብቻ አንድ ግማሽ ይፈጃል፣ ልጆቹ ደግሞ ፀሐይ ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁት።